ለናፍቆት ቪዲዮ ኮል፣ ለጉዳይ በአካል፤ ለምስጢርስ?

«ስሚ እንጂ አንቺ፣ ምን መሬት መሬቱን ታያለሽ? የደበቅሽኝ ነገር አለ!»

እናቴ ናት። ሐዋሳ፣ አቶቴ ካለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ጋደል አድርጋ ይዛ፣ ዱባይ ያለችውን እህቴን ታፋጥጣለች። እህቴ ግን መሬት አላየችም። እናቴን ነው የምታየው። ስክሪኗ ላይ ያለውን የእናቴን ዓይን ትክ ብላ እያየች ነው የምታወራው። «ኧረ እማዬ፣ አንቺን እኮ ነው የማየው!» ትላለች። እናቴ አታምንም። ልጇ ስትዋሽ ዓይኗን እንደምትሰብር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ያ ዓይን ደግሞ አሁን ወደ ታች ነው።

እህቴ በበኩሏ የምታየው የእናቴን ግንባር፣ የሻሿን ጫፍና ኮርኒሱ ላይ የተንጠለጠለውን አምፖል ነው። ዓይኖቿ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ብቅ ብለዋል። አፍንጫና አፍ የለም፤ ተቆርጠዋል።

እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። ይኼ ነገር በየሳምንቱ ስለሚደገም ነው «የትኛውን ወሬ በየቱ እናውራ» የሚለውን ጉዳይ ማብላላት የጀመርኩት። ጓደኞቼም ይጠይቁኛል። በቪዲዮ ልንገራት ወይስ እስክንገናኝ ልጠብቅ? ደውዬ ልጨርሰው ወይስ ልሂድ? መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ። ሰው ሲናፍቃችሁ ቪዲዮ ጥሩ ነው። ጉዳይ ሲኖራችሁ በአካል ሂዱ። ምስጢር ሲሆን ደግሞ ድምፅ ብቻ። ሦስተኛው ለብዙ ሰው አይዋጥለትም፤ እመለስበታለሁ።

ዓይኑ መሃል፣ ካሜራው ጫፍ

መጀመሪያ የእናቴንና የእህቴን ክርክር እንፍታ። ካሜራው ያለው ስልኩ አናት ላይ ነው። የምታወሩት ሰው ዓይን ያለው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ ስክሪኑ ላይ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ካያችሁት ካሜራውን አላያችሁም፤ ለእሱ ወደ ታች ያያችሁ ትመስላላችሁ። ካሜራውን ካያችሁ ደግሞ እሱ ዓይን ዓይኑን እንዳያችሁት ይሰማዋል፣ እናንተ ግን እሱን አላያችሁትም። ሁለቱን በአንዴ ማድረግ አይቻልም። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፒክቸርፎን» ያለውን የምስል ስልክ በ1964 ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ ካሳየ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ዛሬም እዚያው ነን።

የእናቴ ነገር የሚያስቀው፣ ልጇን አንገት ያስደፋቻት ራሷ መሆኗ ነው። ስልኩን ወደ ኋላ ጋደል ስታደርገው የራሷ ዓይን የእህቴ ስክሪን ግርጌ ላይ ይወርዳል። እህቴ ያንን ዓይን ፍለጋ ከካሜራው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ታያለች። ስልኩን ደግሞ እንደ ሁላችንም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው የምትይዘው። ሒሳቡ ሲሠራ እይታዋ ከካሜራው ከ20 ዲግሪ በላይ ዝቅ ይላል። ይኼን ያህል ዝቅ ካለ እናት ቀርቶ ጎረቤትም «ምን ሆና ነው?» ይላል።

አሁን እናቴ ስልኩን ቀጥ አድርጋ ዓይኗ ወደ ስክሪኑ አናት ወጣ እንበል። እህቴም ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፋ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች። በካሜራውና በእናቴ ዓይን መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ቀረ። ዲግሪው ከ4 በታች ይወርዳል። ሚልተን ቼን የተባለ የስታንፎርድ ተመራማሪ በ2002 ባሳተመው ጥናት ሰው እይታ ትንሽ ወደ ታች ሲሆን ብዙም አይነቃም፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ላይ ሲሸሽ ግን ቶሎ ይነቃል ብሏል። ስለዚህ ካሜራው ከላይ፣ የሰውየው ፊት ከሥሩ ጠጋ ብሎ ሲሆን ነው የሚያምረው። ስልካችሁን በጎኑ አጋድማችሁ ካወራችሁ ካሜራው ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ ሰውየው ከጆሮው አጠገብ ካለ ሌላ ሰው ጋር የምታወሩ ይመስለዋል።

ሌላው ዓይን የሚሰርቀው የራሳችን ምስል ነው። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽዬ ሳጥን። እውነቱን እንነጋገር፣ ከምናወራው ግማሹን ጊዜ ፀጉራችንን ነው የምናየው። ዙም ላይ ራስን መደበቂያ አለ፤ ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሳጥኗን ጎትታችሁ ሌላ ጥግ ታስቀምጧታላችሁ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሰላምታ ስሰጥና ዋናውን ነገር ስናገር ካሜራውን አያለሁ፣ ሲያወሩኝ ደግሞ ስክሪኑን። መጀመሪያ ላይ ከስልኩ ቀዳዳ ጋር የማወራ እብድ መሰልኩ። አሁን ለምጄዋለሁ።

ራቅ ብሎ መቅረብ

ቪዲዮን ዝም ብሎ ማናናቅም አይገባም። ፊንላንድ ያለው የታምፔሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ቆዳቸው ላይ የሚለካው የመነቃቃት ምልክት በአካልም በቪዲዮ ኮልም ጨምሯል። ያ ሰው እንደማያያቸው እያወቁ ምስሉን ብቻ ሲመለከቱ ግን እንደዚያ አልሆነም። እኔ የምረዳው፣ ልብን ደንገጥ የሚያደርገው «አየኝ» ብሎ ማወቅ መሆኑን ነው። እናቴ ስክሪኑን ስማ በከንፈሯ ጥሪውን የምትዘጋው ወዳ አይደለም። ልጇ ያየቻት መሰላት እኮ፣ አየቻትም።

ቪዲዮ የሚበላሸው ርቀት ላይ ነው። ኤድዋርድ ሆል የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1966 የሰውን ርቀት ሲመድብ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያለውን ለፍቅረኛና ለቤተሰብ ነው የተወው። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብለው አርጋይልና ዲን የተባሉ እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ሰው ሲቀራረብ ዓይኑን እንደሚያሸሽ ጽፈዋል። ይኼን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ባጃጅ ያዙ። ኋላ ሦስት ሰው ጭን ለጭን ተጣብቆ ይቀመጣል። ሦስቱም ወደ ውጭ ያያሉ፤ መሃል ያለው ምስኪን የሾፌሩን ማጅራት ያያል። ገላ ሲቀርብ ዓይን ይርቃል። ሚዛኑ የሚጠበቀው እንደዚያ ነው።

ላፕቶፕ ላይ ግን የአለቃችሁ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ፣ ትራስ እንደተጋራችሁ ሁሉ አፍጥጦ ይመጣባችኋል። ስምንት ሰው ያለበት ስብሰባ ሲሆን ደግሞ ስምንቱም አንድ ላይ ያፈጡባችኋል። በአካል ቢሆን ዓይን ሁሉ የሚሄደው ወደ ተናጋሪው ነበር። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 የዙም ድካም የሚባለውን ሲተነትን አራት ምክንያት አስቀምጧል፦ በቅርብ መፋጠጥ፣ ራስን ሲያዩ መዋል፣ እንደ ልብ አለመንቀሳቀስ፣ ምልክት ለመስጠትና ለመረዳት የሚባክን ጉልበት። መፍትሔው ቀላል ነው። መስኮቱን አሳንሱት፣ ወንበራችሁን ወደ ኋላ ሳቡት። ፊቱ ሲያንስ ሰውየው ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ ይመስላል።

«ዓይንህን ስበር» ተብለን ላደግን

እነዚህ ጥናቶች የማይነግሩን አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። እኛ ትልቅ ሰው ፊት ዓይን መስበር ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። አባትን አፍጥጦ የሚያይ ልጅ ዓይነ ደረቅ ነው። በአካል ሲሆን ግን መስበር ብቻውን አይመጣም። ጎንበስ ትላለህ፣ በሁለት እጅህ ትጨብጣለህ፣ ሰረቅ አድርገህ ታያለህ፣ መልሰህ ትሰብራለህ። ትልቁ ሰው ያንን ሁሉ አንድ ላይ ያነበውና «ጨዋ ልጅ» ይላል። ቪዲዮ ላይ ጎንበስ የለም፣ እጅም የለም፤ የቀረው ዓይኑ ብቻ ነው። እሱም የት እንደሚያይ አይታወቅም።

እኔ ላይ የደረሰው የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት በቪዲዮ ጠራኝ። ስልኬን ረከቦቱ ላይ፣ ከስኳር ዕቃው አስደግፌ አስቀመጥኩት። ካሜራው ከታች ወደ ላይ አፍንጫዬን ያያል። መስኮቱ ደግሞ ከኋላዬ ነው፤ ፊቴ ጥላ ሆኗል። ሦስት ጠያቂዎች ነበሩ። ትልቅየውን ሳናግር እንደ ለመድኩት ዓይኔን ሰበርኩ። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ስላየኋቸው እነሱንም ያላየሁ መሰልኩ። በኋላ አንድ የሚያውቀኝ ሰው እዚያ ጠይቆ ሲነግረኝ «በራሱ አይተማመንም፣ ዓይኑ ይሸሻል» ብለዋል አለኝ። ተናደድኩ። ግን ያዩት ምስል እንደዚያ ነው የሚለው፤ ምን ይበሉ?

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ምርጫ ከሰጧችሁ በአካል ሂዱ፤ ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቢያደክምም ይቻላል። ምርጫ ካልሰጧችሁ ስልኩን ከዓይናችሁ ቁመት ጋር አስተካክሉ፣ መስኮቱ ከፊታችሁ ይሁን፣ መልስ ስትጀምሩ ካሜራውን እዩ። ቪዲዮ ላይ ካሜራ ማፍጠጥ ድፍረት አይባልም።

ጠብ በቪዲዮ አይፈታም

ከአንድ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛዬ ጋር በዕቁብ ብር ተቀያየምን። በጽሑፍ ተመላለስን፣ ባሰ። «ዓይን ዓይኑን እያየሁ ልናገረው» ብዬ በቪዲዮ ደወልኩ። ስህተት ነበር።

ኔትወርኩ ይዘገያል። እኔ ተናግሬ ስጨርስ ዝም ይላል። ዝም ሲል «አኮረፈ» እላለሁ። እንደገና ስጀምር የእሱ ድምፅ ይመጣና በላዬ ላይ ያርፋል። «ቆይ ልጨርስ!» «እሺ ጨርስ።» «አይ አንተ ቀጥል።» ሁለታችንም ዝም። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ። በመጨረሻ ምስሉ ቀጥ አለ። ጓደኛዬ አንድ ዓይኑ ግማሽ ተከድኖ፣ ከንፈሩ ወደ ጎን ተጣሞ ቀረ። የንቀት ፊት ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ለዚያ ለደረቀው ፊት አንድ ደቂቃ ሙሉ ሆዴን ዘርግፌለታለሁ። እሱ አንዱንም አልሰማም።

ይኼ የእኛ የግል ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2009 አሥር የተለያዩ ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት ሰው ወሬ ሲቀባበል በመሃል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ደግሞ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። የእኛ አንድ ሰከንድ ያህል ነበር። በሰላም ቀን አንድ ሰከንድ ምንም አይደለም። ሰው ተቀይሞ ሲሆን አንድ ሰከንድ ዝምታ ስድብ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓደኛዬ ለሌላ ጉዳይ ሐዋሳ መጣ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ወደሚበላበት ወደ አሞራ ገደል ሄድን። ጥብስ ዓሣ አዘዝን። ዓሣ ሲበላ ዓይን ሥራ አለው፤ አጥንት ይለቅማል። እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ አባኮዳዎቹ፣ እንደ ለቀስተኛ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። ስለ ብሩ ማንም አላነሳም። ከዚያ በፍቅር ሐይቅ በኩል በእግራችን ስንሄድ፣ ጎን ለጎን ሆነን፣ እሱ ውሃውን እያየ «እኔ እኮ ያን ጊዜ እናቴ ታማ ነበር» አለ። እኔም ውሃውን እያየሁ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩ። አንድም ጊዜ ዓይን ለዓይን አልተገጣጠምንም። አለቀ።

በአካል መገናኘት ያለው ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኼ ነው። አለማየት ትችላላችሁ። ዓይናችሁን ውሃው ላይ፣ ዓሣው ላይ፣ ስኒው ላይ ታሳርፋላችሁ፤ ሰውየው ግን አለ። ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚያስቆየን አንዱ ምክንያት ይኼ ይመስለኛል፤ የሚፈላ ጀበና እያየ ሰው ብዙ ያወራል። ቪዲዮ ላይ ዓይናችሁን ካነሳችሁ «ምን ታያለህ? ማን አለ እዚያ?» ትባላላችሁ።

ምርጫ የሌለባቸው

መርዶ በቪዲዮ አይነገርም። በስልክም አይነገርም። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ሄዶ ነው የሚነግረው፣ ስትወድቅ የሚይዝህ እንዲኖር። ውጭ አገር ላለ ሰው እንኳ ቤተሰብ የሚደውለው እዚያ ላሉ ወዳጆቹ ነው፤ እነሱ ተጠራርተው ቤቱ ይሄዳሉ። አንድ የማውቃት ልጅ የአክስቷን ሞት ፌስቡክ ላይ ነው ያየችው። ዛሬም ስታወራው የምታነሳው ሞቱን ሳይሆን እንዴት እንደሰማችው ነው።

የይቅርታ ሽምግልናም እንደዚያው ነው። ተነስቶ መሳም፣ ጉልበት መንካት ያለበት ነገር ስክሪን ላይ አይሆንም።

ገና ላልተዋወቃችሁ ሰዎች ግን ቪዲዮ በጣም ጥሩ ነው። በቴሌግራም የተዋወቃችሁትን ሰው ፎቶው የራሱ መሆኑን ለማወቅ አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ይበቃል። ከዚያ አታርዝሙት። በቪዲዮ ስድስት ወር የተዋደዱ ሰዎች በአካል ሲገናኙ ቁመቱም፣ ድምፁም፣ ጠረኑም አዲስ ይሆንባቸዋል።

ወደ ምስጢሩ ልመለስ

ከባድ ነገር ልትናገሩ ነው እንበል። በሽታ፣ ዕዳ፣ ለማንም ያልነገራችሁት ነገር። በአካል ለመገናኘት ሩቅ ነው። አብዛኛው ሰው «ቢያንስ በቪዲዮ» ይላል። እኔ ቪዲዮውን ዝጉት እላለሁ።

ንስሐ የሚገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ እንጂ አፍጥጦ አይናገርም። መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ የሚወራውን ወሬ አስታውሱ፤ ጨለማው ነው ያወጣው። ድምፅ ብቻ ሲሆን ማንም ፊትህን አይጠብቅም፤ ማልቀስም፣ ግድግዳ ማየትም፣ ተኝቶ ማውራትም ይቻላል። ሰሚውም አይጎዳም። የየል ዩኒቨርሲቲው ማይክል ክራውስ በ2017 ባሳተመው ጥናት ድምፅ ብቻ የሰሙ ሰዎች ድምፅም ምስልም ካገኙት በተሻለ የሌላውን ስሜት አውቀዋል። ፊት ይሸነግላል፤ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ግን ይሰማል። ዳታም ይቆጥባል፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥም መጀመሪያ የሚሰዋው ምስሉ ይሁን።

እህቴ አሠሪዎቿ የሁለት ወር ደሞዝ እንደያዙባት የነገረችኝ በድምፅ ነው፣ ሌሊት። በቪዲዮ ስታወራ ትስቅ ነበር።

ስለ ፕሮግራሞቹ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። አይፎን ከ2020 ጀምሮ ፌስታይም ላይ ዓይንን ወደ ካሜራው አስተካክሎ የሚያሳይ ነገር አለው፤ ኤንቪዲያ የተባለው ቺፕ አምራችም በ2023 ለኮምፒውተር ተመሳሳይ አውጥቷል። ለሥራ ስብሰባ ካላችሁ ተጠቀሙበት። እኔ በዚያ ዓይነት ዓይን ከእናቴ ጋር ባወራ ደስ አይለኝም። እህቴም አይፎን የላትም።

እኛ ቤት የተደረገው ከዚያ የቀለለ ነው። ቡፌው ላይ፣ እናቴ ስትቀመጥ ከዓይኗ ትይዩ በሚሆነው መደርደሪያ ላይ ስልኩን በስኳር ቆርቆሮ አስደገፍኩት። ወንበር አመጣሁና ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳት። እጇ ነፃ ሆነ፤ ጥጧን እየፈተለች ታወራለች። እህቴንም ስልኩን በቁም ሳጥኑ እንድታስደግፈው ነገርኳት። ዱባይ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ቦቲም በተባለው የጥሪ መተግበሪያ ደወለች።

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። እህቴም አየቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ተባለ።

«አሁን ገና አየሁሽ» አለች እናቴ። እንዝርቷን አቆመች። «ከስተሻል።»